አንድ ፊልም ወደ ኢንተርኔት፦ ከመስከረም እስከ ግንቦት 2017 የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 14 ቀን። ማስተር ፋይሉን ፍለጋ

ፊልሙ 95 ደቂቃ ነው። በ2009 ተቀርጾ በ2010 በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ለአሥራ አንድ ሳምንታት ታይቷል። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሊያየው ቢፈልግ እንኳ የሚያገኝበት ቦታ የለም። በዚህ ዓመት በኢንተርኔት ለማሰራጨት ስንወስን ቀዳሚው ሥራ ማስተር ፋይሉን (ሌሎቹ ቅጂዎች ሁሉ የሚወጡበትን የመጨረሻውን ሙሉ ፊልም) ማግኘት ሆነ። ቅጂው ሁለት ነበር፤ አንዱ እኔ ዘንድ፣ ሌላው ኤዲተሩ ዘንድ። የእኔ ሃርድ ዲስክ ሲሰካ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከማሰማት በቀር አልከፈተም። የኤዲተሩ ግን ተከፈተ፤ በፕሮሬዝ 422 ኤችኪው (ከፍተኛ ጥራት ባለው የቪዲዮ ቅርጸት) የተቀመጠ 131 ጊጋባይት የሚመዝን ፋይልም ተገኘበት። የኤዲቲንግ ፕሮጀክቱ ራሱ ጠፍቷል። ጥሬ ምስሎቹ በከፊል በሌላ አሮጌ ዲስክ ላይ አሉ።

በዕለቱ ባለ 4 ቴራባይት ሁለት ዲስኮች ገዝተን ሁሉንም ገለበጥን፤ የሁለቱ ዋጋ 33,000 ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ስለ ሄደ፣ በሰኔ በተነገረን ዋጋ ላይ የሠራነው በጀት ገና ከመነሻው ፈርሷል።

ጥቅምት 2 - ኅዳር 5 ቀን። ውሎቹ

ይህ ክፍል አንድ ሳምንት ይበቃዋል ብዬ ነበር፤ አምስት ሳምንታት ወሰደ። ከስክሪፕት ጸሐፊው፣ ከተዋንያኑና ከሙዚቃ ባለሙያዎቹ ጋር በ2009 የተፈራረምናቸውን ውሎች አውጥቼ ሳነብ፣ ሁሉም የሚናገሩት «በሲኒማ ቤት፣ በቴሌቪዥንና በቪሲዲ» ስለሚደረግ ስርጭት ብቻ ነው። ኢንተርኔት የሚል ቃል በአንዱም ውስጥ የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኢኮኖሚ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ መሆኑን ስለሚደነግግ፣ ያልተጻፈውን እንደተፈቀደ ቆጥሮ ማለፍ አይቻልም። ፊልሙን ተረክቦ ለውጭ የኢንተርኔት መድረኮች የሚያደርሰው አሰራጭ ድርጅትም የመብት ሰንሰለቱን፣ ማለትም መብቱ ከእያንዳንዱ ባለሙያ ወደ እኛ መተላለፉን፣ በሰነድ እንድናሳይ ጠይቆናል። ስለዚህ ተጨማሪ ውል በጠበቃ አስረቅቀን (12,000 ብር) አሥራ አራት ሰዎችን ለማስፈረም ተነሣን።

አባት ሆነው የተጫወቱት አንጋፋ ተዋናይ ቤት የሄድኩት እሑድ ከሰዓት ነው። ወረቀቱን ሲያዩ፣ «ልጄ፣ ያኔ ፈርሜልህ የለም እንዴ?» አሉኝ።

«ፈርመዋል ጋሼ። የያኔው ወረቀት ግን ለሲኒማ ነው። አሁን በስልክም ሊታይ ነው።»

«በስልክ ሲታይስ ለእኔ ምን አለው?»

ጥያቄያቸው ትክክለኛው ጥያቄ ነበር፤ ከእኔ ጋር ግን የተዘጋጀ መልስ አልነበረም። በረቂቁ ላይ ያሰፈርነው መብቱን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲለቁ የሚጠይቅ ነበርና ወረቀቱን አጥፌ ተመለስኩ። በማግስቱ ከፕሮዲውሰሩ ጋር ተነጋግረን ለዋና ተዋንያን፣ ለጸሐፊውና ለሙዚቃው ባለመብት ከገቢው በመቶኛ የሚታሰብ ድርሻ የሚሰጥ አንቀጽ አስገባን። ከዚያ በኋላ አሥራ አንዱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ፈረሙ። ሁለቱ በመቶኛው ፋንታ የአንድ ጊዜ ክፍያ መርጠው እያንዳንዳቸው 8,000 ብር ወሰዱ።

የቀረው የክራር ባለሙያው ነበር። በ2013 አርፏል። የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመታት የሚጸና በመሆኑ ፈራሚዎቹ ወራሾቹ ናቸው፤ ልጁ ደግሞ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ገና አላወጣችም ነበር። እስክታወጣ ጠበቅን። ሙዚቃውን አውጥተን ሌላ መተካት ይቻላል የሚል ሐሳብ ቢቀርብም አልተቀበልኩትም፤ ፊልሙን ፊልም ያደረገው ያ ክራር ነው።

ኅዳር 12 - 30 ቀን። የግርጌ ጽሑፍ

እንግሊዝኛው በአንድ ባለሙያ ተተርጉሟል (30,000 ብር)። ከቃላት ይልቅ ያስቸገረን አክብሮት ነበር። በአንድ ትዕይንት ሚስቲቱ ባሏን ሁልጊዜ «አንተ» ስትለው ቆይታ፣ ቂም ስትይዝ ድንገት «እርስዎ» ትለዋለች። አማርኛ ሰሚ በዚያች ቅጽበት ቤቱ እንደፈረሰ ይገባዋል፤ በእንግሊዝኛው ግን ሁለቱም አንድ ቃል ስለሆኑ ምንም አይሰማም። ከሦስት ሙከራ በኋላ ከዚያ ትዕይንት ጀምሮ በስሙ ፋንታ በማዕረጉ እንድትጠራው አደረግን። ሙሉ በሙሉ አይተካውም፤ ቅዝቃዜውን ግን ያሻግራል።

የአማርኛውን የግርጌ ጽሑፍ (መስማት ለተሳናቸው ተመልካቾችና አማርኛን እየሰሙ ማንበብ ለሚማሩ በውጭ ላደጉ ልጆች) እኔው አዘጋጀሁት፤ ሁለት ስሕተትም ሠራሁ። አንደኛ፣ የግርጌ ጽሑፉን ፋይል (ኤስአርቲ) የአማርኛን ፊደል በሚያውቀው በዩቲኤፍ-8 ፋንታ በማያውቀው በአንሲ ስላስቀመጥኩት ፊደሉ ሁሉ ጠፍቶ በጥያቄ ምልክት ተሞላ፤ ቀደም ሲል የተቀመጠ ቅጂ ባይኖር የሦስት ቀን ሥራ ይጠፋ ነበር። ሁለተኛ፣ አራት ነጥቡን እንደ ብዙዎቻችን ልማድ ሁለት ነጥብን ሁለቴ በመምታት ነበር የጻፍኩት። መስመሩ ሞልቶ ወደ ቀጣዩ ሲሻገር አንደኛው ሁለት ነጥብ ከላይ ቀርቶ ሌላው ታች ለብቻው ይወድቃል። ሰብታይትል ኤዲት በተባለው ፕሮግራም ሁሉንም በአንድ ጊዜ በትክክለኛው «።» ተካሁ፤ ከ600 በላይ ቦታ ነበር።

የባሰው ችግር ግን ከምስሉ ጋር የተጣበቀው ጽሑፍ ነው። በፊልሙ ውስጥ ስድስት ደቂቃ ያህል አፋን ኦሮሞ ይነገራል፤ ለሲኒማው ቅጂ የአማርኛ ትርጉሙን በምስሉ ላይ በቋሚነት ስላተምነው እንግሊዝኛው በላዩ ላይ ተደራረበ። አሰራጩም ጽሑፍ የሌለበት ንጹሕ ማስተር ይፈልጋል። ጽሑፍ ካለባቸው 38 ሾቶች (ያለ ማቋረጥ የተቀረጹ ቁራጮች) የ31ዱን ጥሬ ምስል በአሮጌው ዲስክ ላይ አግኝተን ዳቪንቺ ሪዞልቭ በተባለው ፕሮግራም እንደገና ቀለማቸውን አስተካክለን ተካናቸው። ለቀሩት ሰባቱ ምስሉን በ12 በመቶ አጉልተን ጽሑፉን ከፍሬሙ አስወጣነው። በሁለቱ ሾቶች የተዋናይቷ ግንባር ተቆርጧል፤ ያሳዝነኛል፤ ሌላ መንገድ ግን አላገኘንም። ጽሑፍ የሌለበትን ቅጂ ያኔ በአንድ ሌሊት ኤክስፖርት አድርገን ማስቀመጥ እንችል ነበር።

ታኅሣሥ 3 - 20 ቀን። ድምፅና የት እንደምናስቀምጠው

ለሲኒማ የተቀላቀለው ድምፅ በስልክ ሲሰማ ሹክሹክታው ጠፍቶ ነጎድጓዱ ጆሮ ይበሳል። ንግግሩን ከፍ፣ ዝናቡንና በሩን ዝቅ አድርገን ከማስተካከያው የቀለም ሥራ ጋር 20,000 ብር ከፈልን።

ቦታ ምርጫው ላይ ብዙ ተወያይተናል። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 አገልግሎቱን ወደ አፍሪካ አገሮች ሲያሰፋ በር የተከፈተ መስሎን ነበር። በተግባር ግን የፊልም ግዢው ትልልቅ ገበያ ወዳላቸው ጥቂት አገሮች ያዘነበለ ነው፤ አማዞን ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በአፍሪካ አዳዲስ ሥራዎችን ማሠራቱን እንደሚያቆም አሳወቀ። በሌጎስም ሆነ በጆሃንስበርግ ሲዘጋጅ የነበረ ሥራ ውቅያኖስ ማዶ በተወሰነ አንድ የበጀት ውሳኔ ሊቆም እንደሚችል በዚያ ታይቷል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ጥናት በአህጉሩ ፊልምና ኦዲዮቪዥዋል ለ5 ሚሊዮን ሰዎች ሥራ እንደሚሰጥና 5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስገኝ፣ ይሁን እንጂ ለ787,402 ሰው አንድ የሲኒማ ስክሪን ብቻ እንዳለ ጠቅሷል። ስክሪኑ እንዲህ ካነሰ ኢንተርኔቱ ለእኛ ዋናው አዳራሽ ነው ማለት ነው፤ ነገሩን በጥድፊያ ያልሠራሁትም ለዚህ ነው።

ዩቲዩብ ላይ በነፃ መልቀቅ ቀላሉ መንገድ ነበር። በማስታወቂያ ገቢ ተካፋይ ለመሆን 1,000 ተከታይና በ12 ወራት ውስጥ 4,000 የታየ ሰዓት ያስፈልጋል፤ ለረዥም ቪዲዮ ከሚገኘው የማስታወቂያ ገቢም 55 በመቶው ለባለቤቱ ይደርሳል። ሆኖም በአንድ መድረክ ላይ ብቻ መቆም አስፈራኝ። ከየካቲት 2 እስከ ሐምሌ 10 ቀን 2015 በአገራችን ዩቲዩብ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ከአምስት ወር በላይ ታግደው እንደነበር የዘነጋ የለም፤ በዚያ ጊዜ ፊልሙን ለቅቆ የነበረ ባልደረባዬ ማስታወቂያውን ሠርቶ ተመልካቹን አጥቷል። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 የሠሩትን ፊልም አከፋፋዮች ባይቀበሏቸው አዳራሽ እየተከራዩ ከከተማ ወደ ከተማ ራሳቸው እንዳሳዩት በማስታወስ፣ ሁለት መንገድ አብረን ለመያዝ ወሰንን። ለውጭ ተመልካች በአሰራጭ ድርጅት (አግሪጌተር) በኩል፣ ለአገር ውስጥ ደግሞ ትኬት በብር የሚሸጥ የራሳችን ገጽ። ለአሰራጩ የሰጠነው መብት ብቸኛ ያልሆነ እንዲሆን አጥብቄ ተከራክሬአለሁ፤ ብቸኛ መብት ሰጥተን ቢሆን የራሳችንን ገጽ መክፈት አንችልም ነበር።

ከጥር 4 ቀን ጀምሮ። መላክ

አሰራጩ የሚቀበለው ፕሮሬዙን ብቻ ነው። የመላኪያ ፍጥነታችን በሰከንድ 5 ሜጋቢት ስለሆነ 131 ጊጋባይቱ ያለ ማቋረጥ 58 ሰዓት ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ሙከራ በብራውዘር አድርገን ከ31 ሰዓት በኋላ መብራት ሲጠፋ ከዜሮ ለመጀመር ተገደድን። በሁለተኛው ፋይሉን ከፋፍሎ የሚልክና ሲቋረጥ ካቆመበት የሚቀጥል መሣሪያ (አርክሎን) ተጠቅመን፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት እየላክን በአምስት ሌሊት ጨረስን። መጨረሻ ላይ ፋይሉ ሳይለወጥ መድረሱን የሚያሳየውን የኤምዲ5 ቁጥር በሁለቱም ወገን አመሳከርን፤ ገጥሟል።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ የጥራት ፍተሻው መልስ መጣ። በ41ኛው ደቂቃ ላይ የገባ የቆየ የቴሌቪዥን ምስል መስመር መስመር እየሠራ ይታያል በሚል ውድቅ ተደርጓል። ያን 14 ሰከንድ ብቻ ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለ ፕሮግራም መስመሮቹን አጥፍተን (ዲኢንተርሌስ አድርገን) ብንተካም፣ የሚቀበሉት ሙሉውን ፋይል ስለሆነ ሌላ አምስት ሌሊት መላክ ግድ ሆነ። ከመላካችን በፊት ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በትልቅ ስክሪን ማየት ይገባን ነበር፤ በላፕቶፕ ነበር ያየነው።

ከየካቲት 1 ቀን ጀምሮ። ቅጾችና የክራሩ ክስ

በአሰራጩ በኩል የምንሞላው የግብር ቅጽ ስለ ተመልካቹ ሳይሆን ስለ እኛ አገር ነው የሚጠይቀው። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር ተደራራቢ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት ስለሌላት፣ አሜሪካ ውስጥ ካለ ተመልካች ከሚገኘው ድርሻችን 30 በመቶ ከምንጩ ይቀነሳል። ከአፍሪካ እንዲህ ያለ ስምምነት ያላቸው ግብፅ፣ ሞሮኮ፣ ቱኒዝያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። አብዛኛው የውጭ ተመልካቻችን ዋሺንግተንና አካባቢዋ እንደሚኖር ስለምገምት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በዚሁ ሳምንት በአንድ የቪዲዮ መድረክ ላይ የለቀቅነው ትሬይለር የመብት ጥያቄ ቀረበበት፤ ማስታወቂያ ገቢውም ለሌላ ወገን መሄድ ጀመረ። ጥያቄው የመጣው በክራሩ ላይ ነው። የባለሙያውን ልጅ በስልክ ስጠይቃት አባቷ ካረፈ በኋላ ቤተሰቡ ቀረጻዎቹን ለአንድ የሙዚቃ አሳታሚ እንደሰጠ፣ አሳታሚውም በሙሉ በራስ-ሰር የመለያ ሥርዓት ውስጥ እንዳስመዘገበ ነገረችኝ። «እኔ የፊልሙ ሙዚቃ አብሮ ያለ አልመሰለኝም ወንድሜ፣ በጣም ይቅርታ» አለች። ጥፋተኛዋ እሷ አይደለችም፤ ማሽኑ ድምፁን ከድምፅ አመሳከረ እንጂ ማን መጀመሪያ እንዳስቀረጸው አያውቅም። ኅዳር ላይ የፈረመችውን ውልና የ2009ኙን የስቱዲዮ ደረሰኝ አያይዘን ተቃውሞ አቀረብን፤ አሳታሚው ለመመለስ ያለው ጊዜ 30 ቀን ሲሆን በ19ኛው ቀን ለቀቀው። ወራሿን ትተን ሙዚቃውን በዝምታ ተጠቅመን ቢሆን ኖሮ የምናያይዘው ወረቀት አይኖርም ነበር።

ከመጋቢት 1 ቀን ጀምሮ። የራሳችን ገጽ

ገጹን የሠራልን ባለሙያ 45,000 ብር ተከፍሎታል። ቪዲዮውን የሚያስቀምጠው የውጭ ሰርቨር በወር 25 ዶላር ስለሚጠይቅና እኛ በውጭ የሚሠራ ካርድ ስለሌለን፣ ውጭ የሚኖር የእህቴ ልጅ ይከፍልልናል፤ የአራት ወሩን 12,500 ብር እዚህ ለእናቱ ሰጥተናል። ክፍያውን የሚቀበለው አገር ውስጥ ያለ የክፍያ ድርጅት ነው፤ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካቀረብን በኋላ በቴሌብርና በባንክ መክፈል ተቻለ። ትኬቱ 100 ብር፣ የማያ ጊዜው 48 ሰዓት ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ገዝተው ያላዩ ሰዎች በዙ። ስንደውልላቸው ምክንያቱ ግልጽ ሆነ። ያስቀመጥነው ዝቅተኛ ጥራት በሰከንድ 800 ኪሎቢት ነበር፤ ይህም ለአንድ ተመልካች 570 ሜጋባይት ያህል ዳታ ያስወጣዋል። ከፍተኛው ደግሞ 1.8 ጊጋባይት ይፈጃል። የዳታው ወጪ ትኬቱን ላለመግዛት የሚያበቃ ምክንያት መሆኑን አስቀድመን አላሰብንም። ባለ 400 ኪሎቢት ሦስተኛ ደረጃ ጨመርን፤ ፊልሙ በ285 ሜጋባይት ያልቃል። ምስሉ ለጨለማ ትዕይንቶች አይመችም፤ ፊቶች ግን ይለያሉ፣ ንግግሩም አይቆራረጥም። በየጥራቱ ጎን ስንት ሜጋባይት እንደሚፈጅም ጻፍን።

በዘጠነኛው ቀን ፊልሙ በአንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ በ1.4 ጊጋባይት ተለቀቀ። ከእኛው ገጽ በስክሪን ቀረጻ የተወሰደ ነው። ለቴሌግራም የቅጂ መብት አቤቱታ ልከን በአራተኛው ቀን ወረደ፤ በዚያው ሳምንት በሌሎች ሁለት ቻናሎች ወጣ። የገዢውን ስልክ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች በማይገመት ሰዓት በምስሉ ጥግ የሚያሳይ ምልክት ጨመርን፤ ይህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊኖር ይገባው ነበር።

ከዚያ ቻናል አስተያየቶች ሥር የገጻችንን አድራሻና ዋጋውን ጻፍኩ። ስድብ ጠብቄ ነበር። አንዲት ከቤይሩት የጻፈችልኝ እህት ግን እንዲህ አለች፦ «ወንድሜ፣ እኔ ብከፍል ደስ ይለኝ ነበር። ካርድ የለኝም፤ ቴሌብሬም የኢትዮጵያ ቁጥሬ ሲዘጋ አብሮ ቀረ። ከዚህ ሌላ በየት በኩል ልየው?» ደጋግሜ አነበብኩት። በውጭ ያለው ተመልካች ሁሉ ካርድ ይዞ የተቀመጠ አድርገን ነበር ያሰብነው፤ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩት እህቶቻችን በአሰራጩ መንገድም በእኛ ገጽም የሉበትም። ከእሷ ገንዘብ እየተላከለት የሚኖር ቤተሰብ ግን አዲስ አበባ፣ ደሴና ጅማ አለ፤ ቴሌብርም አለው። ባለሙያችን በሁለት ቀን «ለሌላ ሰው ግዛ» የሚል ቁልፍ ሠራ። እዚህ ያለው ቤተሰብ 100 ብሩን ይከፍላል፤ የማያ ኮዱን በዋትስአፕም ሆነ በኢሞ ወዳለችበት ይልክላታል። በስድስት ሳምንት ከሸጥናቸው 611 ትኬቶች 140ዎቹ በዚህ ቁልፍ የተገዙ ናቸው። ከሠራነው ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው።

ግንቦት 6 ቀን። ሂሳብ

ወጪው በድምሩ 168,500 ብር ሆኗል። ከገጹ 61,100 ብር ሽያጭ የክፍያ ድርጅቱ ድርሻ ተነሥቶ 59,267 ብር ገብቷል። ከአሰራጩ የደረሰን የመጀመሪያው የሩብ ዓመት መግለጫ 214.60 ዶላር ይላል፤ 20 በመቶው የእነሱ ነው፤ የአሜሪካው ግብር 36 ዶላር ተቀንሶ 135.68 ዶላር ይቀራል። ወደ ኢትዮጵያ ባንክ የሚልኩት 500 ዶላር ሲሞላ ስለሆነ ገንዘቡ እዚያው ተቀምጧል። በዚህ አካሄድ የሚሞላው ከሌላ ሦስት ሩብ ዓመት በኋላ ነው። አከፋፈሉን እንዲያሻሽሉ ደብዳቤ ጽፈናል፤ በዝርዝራቸው ላይ ያሉ ሌሎች የአፍሪካ ፊልም ሠሪዎችም አብረው እንዲጽፉ እያነጋገርን ነው።

ግንቦት 9 ቀን

ድርሻ ማከፋፈል ጀምረናል። ለአንጋፋው ተዋናይ ለጋሼ በስልካቸው ልከንላቸው ደውለው መርቀውናል። የክራር ባለሙያውን ልጅ በሥራ ቦታዋ አገኘኋት፤ በውሉ መሠረት የ3 በመቶው ድርሻዋ 1,778 ብር ነው። ደረሰኙ ላይ ከፈረመች በኋላ ስልኳን አውጥታ ፊልሙ ካለባቸው የውጭ መድረኮች የአንዱን ገጽ ከፈተች፤ «ወንድሜ፣ የአባቴ ስም እዚህ የለም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በፊልሙ መጨረሻ ላይ ስሙ አለ፤ ለአሰራጩ በላክነው የመረጃ ቅጽ ውስጥ ግን የሙዚቃውን ሳጥን ባዶ ትተነው ነበር። ማታውኑ ሞልቼ ላክሁት። ፊልሙ ካለባቸው አምስት መድረኮች እስከ ዛሬ ያስተካከሉት ሁለቱ ናቸው፤ ሦስቱን ሰኞ እንደገና እጽፍላቸዋለሁ።